ቱቦው ዛገ ማለት ባክቴሪያው በቀለ ማለት አይደለም፦ ብረት አዛጊ ባክቴሪያን ከጥልቅ ባሕር ወለል አምጥቶ የማሳደግ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ናሙናውን ቱቦ ውስጥ ይጨምራል፣ በማግስቱ ቱቦው ብርቱካናማ ይሆናል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ደስ ይለዋል። ከሳምንት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ዝገት ብቻ! ሕዋስ የሚባል ነገር የለም። ብረት ያለማንም እርዳታ ይዝጋል። ባክቴሪያው ደግሞ የሚኖረው ከዚያው ዝገት በሚገኝ ትንሽ ጉልበት ነው። ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ፤ ኦክስጅን በበዛበት ቦታ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ተራው ኬሚስትሪ ነው።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው፤ ብረቱ በራሱ ከመዛጉ በፊት ባክቴሪያው እንዲደርስበት ማድረግ።

ለምሳሌ የምጠቀመው ቦታ ከሃዋይ ትልቁ ደሴት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለውን የባሕር ስር እሳተ ገሞራ ነው። ድሮ ሎኢሂ ይባል ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ስሙ ካማኤሁአካናሎአ ነው። ጫፉ ከውሃው ገጽ 975 ሜትር ያህል ይወርዳል። በ1996 ጫፉ ተደርምሶ የፔሌ ጉድጓድ የሚባለው ተፈጠረ፤ የጉድጓዱ ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በብረት የበለጸገ ለብ ያለ ውሃ ከድንጋዩ ስንጥቅ ስለሚወጣ አካባቢው በብርቱካናማ ለስላሳ ሽፋን ተሸፍኗል። ማሪፕሮፈንደስ ፌሮኦክሲዳንስ የተባለው ዝነኛ ባክቴሪያ የተገኘው እዚያ ነው። ፒቪ-1 የሚባለው ዝርያው ዛሬ የዚህ ሙያ መለኪያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ያዙ

አንደኛ፣ ፒኤች፣ የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል አሲድነቱ ይጨምራል። ብረት በኦክስጅን የሚዝግበት ፍጥነት ፒኤች በ1 በጨመረ ቁጥር ወደ 100 እጥፍ ያድጋል። ፒኤች 8 በሆነ አየር በጠገበ ሞቃት የባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረት ግማሹ የሚያልቀው በደቂቃዎች ነው። ለዚህ ነው ቱቦው ከ6.1 እስከ 6.4 ባለው ውስጥ መቆየት ያለበት። 6.4 ሲሆን 7.4 ላይ ከነበረው ይልቅ ባክቴሪያው 100 እጥፍ ጊዜ ይገዛል።

ሁለተኛ፣ ኦክስጅን። ጨርሶ ከሌለም አይሆንም፤ ባክቴሪያው ይተነፍሳል። የሚፈልገው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ግፊት። እዚህ ላይ አትጨነቁ። ፒቪ-1 ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ቦታ ቢመጣም ላብራቶሪ ውስጥ በተራ የአየር ግፊት ያድጋል። ውድ የግፊት ዕቃ ፍለጋ ገንዘብ አታባክኑ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

አጫጭር ባለ ጥምዝ ክዳን የመስታወት ቱቦዎች (16 በ60 ሚሊ ሜትር የሆኑት)፤ ተራ አጋሮዝ (ፈልቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄል የሚረጋ ዱቄት) እና በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ አጋሮዝ፤ ፌረስ ሰልፌት፤ ሶዲየም ሰልፋይድ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ከነማጣሪያው፤ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ)፤ የፒኤች መለኪያ፤ ፌዝ ኮንትራስት (ቀለም ያልነካውን ሕዋስ የሚያጎላ) እና ፍሎረሰንስ (በቀለም የተነከረውን ሕዋስ የሚያበራ) ያለው ማይክሮስኮፕ። ለባሕሩ ደግሞ የባዛልት ስብርባሪ፣ የማይክሮስኮፕ ስላይድ፣ የፒቪሲ ፍሬምና የናይለን ገመድ።

የሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ አሠራር ለ1 ሊትር፦ ሶዲየም ክሎራይድ 27.5 ግራም፣ ማግኒዚየም ክሎራይድ (ባለ 6 ውሃው) 5.38 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት (ባለ 7 ውሃው) 6.78 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.72 ግራም፣ አሞኒየም ክሎራይድ 1 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 0.05 ግራም፣ በመጨረሻ ካልሲየም ክሎራይድ (ባለ 2 ውሃው) 1.4 ግራም። ካልሲየሙን መጨረሻ ላይ ጨምሩ ያልኩት በምክንያት ነው። ሌላው ሳይሟሟ ከገባ ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ደለል ይሆናል። ባይካርቦኔት አሁን አይገባም፤ ጊዜው ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ ጥቁሩን ብረት ሥሩ (ከጉዞው ሳምንታት በፊት)

ባክቴሪያው የሚበላው ብረት ቀስ እያለ ከታች መውጣት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው አይረን ሰልፋይድ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ጠንካራ ቁራጭ አይሆንም፤ በቂ ብረት አይለቅም። ራሳችሁ ሥሩት።

1. ፊውም ሁድ (መርዛማ ጋዝ ስቦ የሚያወጣ የላብራቶሪ ቁም ሳጥን) ውስጥ ሥሩ። ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ሰልፋይድ መርዛማ የሆነውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይለቃል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ሲጨምር ግን አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው ይጠፋል። ሽታው ጠፋ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ያኔ ነው አደገኛው።

2. 300 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ እስከ 50 ዲግሪ አሙቁ። እያማሰላችሁ 46.2 ግራም ፌረስ ሰልፌት (ባለ 7 ውሃው) እና 39.6 ግራም ሶዲየም ሰልፋይድ (ባለ 9 ውሃው) ጨምሩ። ወዲያው ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል። ሁለቱ በሞል፣ ማለትም በቅንጣት ቁጥር፣ እኩል ናቸው፤ በግምት አትመዝኑ።

3. ማማሰሉን ሳታቋርጡ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ እስኪዘቅጥ ተዉት።

4. ላዩን አፍስሱ፣ አዲስ የተጣራ ውሃ ሙሉ፣ አማሱ፣ አዝቅጡ። ይህን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ድገሙ። የመጨረሻው እጣቢ ፒኤች 7 አካባቢ ሲሆን በቃ።

5. እስከ አፉ በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ከድናችሁ አስቀምጡ። በላዩ አየር አይቅር።

እጥበቱን ማሳጠር ከውድቀቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ሁለቴ አጥቦ የተወ ሰው ትርፍ ሰልፋይድ ወይም ትርፍ የሟሟ ብረት ቱቦው ውስጥ ይዞ ይገባል። የመጀመሪያው ባክቴሪያውን ይጎዳል፣ ሁለተኛው ቱቦውን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ጥቁር ዝቃጭ ላይ አሲድ በፍጹም አይድረስ። አሲድ የፈሰሰበት ሲንክ ውስጥ አትድፉት፤ ጋዙ በአንዴ ይወጣል። በተለየ የቆሻሻ ዕቃ አጠራቅሙት።

ደረጃ 2፦ የሚሰፍሩበትን ገጽ አዘጋጁ

ባክቴሪያው እንዲሰፍርባቸው ብርጭቆና ባዛልት ፍሬም ላይ አስረን፣ ከመርከብ በሚነዳ ሮቦት ባሕሩ ወለል ላይ እናስቀምጣለን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ብርጭቆው ለማይክሮስኮፕ ነው፤ ማን መጀመሪያ እንደተጣበቀ በግልጽ ያሳያል። ባዛልቱ ደግሞ እዚያ ያለውን እውነተኛ ድንጋይ ይወክላል።

1. ስላይዶቹን 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሩ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። በሳሙና የታጠበ ስላይድ ቅሪት ይይዛል።

2. ባዛልቱን በአውቶክሌቭ አምክኑ። ስላይዶቹንም እንዲሁ።

3. ፒቪሲ ፍሬም ላይ በናይለን ገመድ እሰሩ። ፍሬሙ ላይ አንድም የብረት፣ የመዳብ ወይም የዚንክ ብሎን አይኑር። መዳብና ዚንክ ይመርዛሉ፤ ተራ ብረት ደግሞ ራሱ ምግብ ይሆንና ማን ከፍል ውሃው፣ ማን ከብሎኑ እንደበላ መለየት ያቅታችኋል።

4. ቁጥሩን በመርፌ ጫሩት። በማርከር የተጻፈ ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ የለም።

5. ላዩ ላይ ተንሳፋፊ የገመድ ቀለበት አድርጉ። የሮቦቱ ክንድ የሚይዘው እሱን ነው። ቀለበቱ ወድቆ ከተኛ አብራሪው ለመያዝ ሲታገል ጭቃውን ሁሉ ያቦናል።

ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት ሦስት አድርጉ። አንድ ተጨማሪ ፍሬም ደግሞ ፍል ውሃ ከሌለበት ቦታ ለሚቀመጥ ንጽጽር አዘጋጁ። ያለ እሱ ውጤታችሁን የሚያምናችሁ የለም።

ደረጃ 3፦ ማስቀመጥ

በዚህ ደረጃ ሥራው የእናንተ ሳይሆን የሮቦቱ አብራሪ ነው። የእናንተ ድርሻ አስቀድሞ በግልጽ መንገር ነው።

ፍሬሙ የሚቀመጠው ውሃው ከሚወጣበት አፍ ላይ አይደለም። እዚያ ኦክስጅን የለም፣ ሙቀቱም ይበዛል። ከአፉም በጣም አይራቅ፤ ብረቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ትክክለኛው ቦታ ለብ ያለው ውሃ ቀዝቃዛውን የሚነካበት ጠርዝ ነው። በካሜራ ሲታይ ውሃው ይንቀለቀላል፣ ብርቱካናማው ሽፋንም እዚያው ይጀምራል። ሮቦቱ የሙቀት መለኪያውን ቀድሞ ይንከር፤ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዚያ ፍሬሙ ይቀመጥ።

ስንት ጊዜ ይቆይ? የማሪፕሮፈንደስ ሕዋስ የተጠማዘዘ የዝገት ገመድ ከጎኑ እየለቀቀ ይሄዳል። በላብራቶሪ ሲለካ የገመዱ እድገት በሰዓት 2.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። በቀን 50 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ10 ቀን ግማሽ ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ማየት ከፈለጋችሁ ጥቂት ቀን ይበቃል። ወር የቆየ ስላይድ ግን በላዩ ሌሎች ዓይነቶች ተደራርበው የመጀመሪያውን ንብርብር ይሸፍኑታል። ከቻላችሁ ሁለት ፍሬም፣ አንዱን ለአጭር፣ አንዱን ለረጅም ጊዜ።

መርከብ ለሌላችሁ

አብዛኞቻችሁ መርከብም ሮቦትም እንደሌላችሁ አውቃለሁ። አማራጭ አለ። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ዘመዶች በባሕር ዳርቻ በሚዝግ ተራ ብረት ላይም ይሰፍራሉ፤ በአሜሪካ ሜይን ግዛት ዳርቻ በተደረገ ሥራ ይህ ታይቷል። ስቴንለስ ያልሆነ ተራ የብረት ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ በናይለን ገመድ አስራችሁ ከወደብ መሰላል ወይም ከድልድይ እግር ላይ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አንጠልጥሉ። ሁልጊዜ ከውሃ በታች ይሁን፣ ማዕበሉ ሲሸሽ እንኳን አይጋለጥ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ለስላሳውን ብርቱካናማ ንፍጥ ውሰዱ። ጠንካራው ቅርፊት አይጠቅማችሁም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለሁለቱም አንድ ነው።

ደረጃ 4፦ ቱቦዎቹን ሥሩ (ናሙናው ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ)

ታችኛው ንብርብር፦

1. ጥቁሩን ዝቃጭ በደንብ በጥብጡና ከሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ተራ አጋሮዝ 1 በመቶ እንዲሆን ጨምሩ።

2. አውቶክሌቭ አድርጉ።

3. ትኩስ እያለ በየቱቦው 0.75 ሚሊ ሊትር ክፈሉ። በየመሃሉ አማስሉ፤ ጥቁሩ ቶሎ ይዘቅጣል። ካላማሰላችሁ የመጀመሪያው ቱቦ ውሃ፣ የመጨረሻው ድንጋይ ይሆናል።

4. ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ እስኪረጋ ጠብቁ። በጣት ቸብ ስታደርጉት መነቃነቅ የለበትም።

ላይኛው ንብርብር፦

1. ለብቻው የባሕር ውሃውን 0.15 በመቶ በዝቅተኛ ሙቀት ከሚቀልጠው አጋሮዝ ጋር አውቶክሌቭ አድርጉ። ሲያልቅ እንደ ቀጭን አጥሚት የሚፈስ ነው መሆን ያለበት። ቀጥ ብሎ የቆመ ጄል ከሆነ አጋሮዙን አብዝታችኋል።

2. እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ 40 ዲግሪ ግድም፣ በማጣሪያ የመከነ ባይካርቦኔት ጨምሩ። 1 ሞላር ከሆነው በሊትር 5 ሚሊ ሊትር ነው። ለባክቴሪያ ማሳደጊያ የሚዘጋጁትን የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቆች በሊትር 1 ሚሊ ሊትር አድርጉ።

3. በማጣሪያ ያለፈ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 ደቂቃ ያህል አንፉበት። ጥቂት ጠብታ አውጥታችሁ ፒኤች ለኩ። ከ6.1 እስከ 6.4 ካልሆነ አትቀጥሉ። ከፍ ካለ ትንሽ ጨምራችሁ ንፉ። ዝቅ ካለ ክዳኑን ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ ጋዙ ሲወጣ ይመለሳል።

4. በየቱቦው 3.75 ሚሊ ሊትር በግድግዳው በኩል ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። በቀጥታ ጥቁሩ ላይ አታውርዱ።

5. ወዲያው ክደኑ። ከላይ የቀረው አየር ለባክቴሪያው የሚበቃው ኦክስጅን ነው፤ ሌላ ጋዝ አትሙሉ።

አሁን ተዉት። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ በክፍል ሙቀት፣ ሰው በማይነካው ቦታ። ብረቱ ከታች ወደ ላይ፣ ኦክስጅኑ ከላይ ወደ ታች እየሰረገ መሃል ላይ ይገናኛሉ። የምትፈልጉት ያንን መገናኛ ነው። ቱቦውን ብድግ አድርጎ አዘንብሎ በመብራት ማየት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ አታድርጉት። አንዴ ከተናወጠ የተዘረጋው ሁሉ ይደባለቃል፣ የሚቀራችሁም ሌላ ቱቦ መሥራት ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ናሙናውን ማውጣት

ሽፋኑ ሲነኩት የሚበተን ነው። ፍሬሙን ክፍት እንደያዙ 1,000 ሜትር ውሃ አቋርጦ መምጣት ማለት ስላይዱን እያጠቡ መምጣት ነው። ሮቦቱ ፍሬሙን ባሕሩ ወለል ላይ እያለ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይክተተው፤ ሳጥኑ ተዘግቶ ይምጣ።

መርከቡ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ መንካት። ናሙናውን ሦስት ቦታ ክፈሉ፦

አንዱን ለማይክሮስኮፕ ግሉታራልዴሃይድ በሚባለው ማቆያ ኬሚካል አቆዩ። ሁለተኛውን ለዲኤንኤ ወዲያው አቀዝቅዙ፤ −80 ካለ እሰየው። ዲኤንኤ የብረት ዝገት ላይ ይጣበቃል፤ ለተራ አፈር በተሠራ የዲኤንኤ ማውጫ ኪት ብዙ ካልወጣላችሁ አትደንግጡ፣ ፎስፌት ያለበት የማውጫ ፈሳሽ ይረዳል። ሦስተኛውን ለማሳደግ በዚያው የባሕር ውሃ እስከ አፉ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ። ግማሹ አየር የሆነ ጠርሙስ ውስጥ የቆየ ናሙና ወደብ ሲደርስ የሞተ ዝገት ነው። ደግሞ በዚያው ቀን ዝሩ፤ ነገ አትበሉ።

ደረጃ 6፦ መዝራት

1. የፒፔቱን ጫፍ በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ አፉን አስፉ። ጠባብ ጫፍ ገመዶቹን ይሰባብራል።

2. ከናሙናው 10 ማይክሮ ሊትር ውሰዱ።

3. ጫፉን በቱቦው መሃል ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ጥቁሩ አፋፍ አውርዱ። ጥቁሩን አትውጉ።

4. ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ስትስቡ በመንገዱ ሁሉ እየለቀቃችሁ ውጡ። ባክቴሪያው የሚስማማውን ከፍታ ራሱ ይመርጣል፤ እናንተ በሁሉም ከፍታ ላይ ማድረስ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

5. ክደኑ፣ ሰዓቱን ጻፉ።

በዚያው እጅ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሁለት ሌጣ ቱቦ ሥሩ። በአንዱ ምንም አትዝሩ፤ በመከነ የባሕር ውሃ ብቻ ያንኑ እንቅስቃሴ አድርጉ። በሌላው በአውቶክሌቭ የገደላችሁትን ናሙና ዝሩ። ሌጣ ቱቦ የሌለው ሙከራ ምንም አይናገርም።

ደረጃ 7፦ ማንበብ

ቱቦዎቹን ጎን ለጎን አቁሙና ከበስተጀርባ ነጭ ወረቀት አድርጉ። በዓይናችሁ ልክ ዝቅ ብላችሁ እዩ።

ባክቴሪያ ያለበት ቱቦ ውስጥ ቀጭን፣ ጠርዙ የጠራ ቀለበት ይታያል። ከላዩ ንጹሕ፣ ከታቹ ንጹሕ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ጥጥ የመሰለ ጭረት ጭረት አለው። ሌጣው ቱቦም ይዝጋል፤ ግን ዝገቱ ድንበር የለውም፣ ከላይ ወደ ታች እየደበዘዘ ይበተናል።

የለመደ ዝርያ ቀለበቱን በጥቂት ቀን ይሠራል። ከባሕር በቀጥታ የመጣ ናሙና ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ አንሱ፣ ቱቦው ካለበት ሳታነሱ። ማስረጃችሁ ቀለሙ ሳይሆን ልዩነቱ ነው፤ የተዘራው ከሌጣው ካልተለየ ምንም የበቀለ ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ

ከቀለበቱ 10 ማይክሮ ሊትር በሰፊ ጫፍ ቀድታችሁ ስላይድ ላይ ጣል አድርጉ። ሳይቶ 13 ወይም ዳፒ የሚባሉትን ቀለሞች ጨምሩ፣ ሽፋኑን ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ፣ አትጫኑት። ከ400 እጥፍ ጀምራችሁ ወደ 1,000 ውጡ።

የምታዩት የተጠማዘዘ ሪባን የሚመስል ረጅም ገመድ ነው። ቀረብ ሲባል አንዱ ገመድ የብዙ ቀጫጭን ክር ግምድ ነው። ሕዋሱ ጫፉ ላይ ይቀመጣል፤ ባቄላ መሳይ፣ በጣም ትንሽ። ሕዋሱ ሲከፈል ገመዱም ሁለት ይሆንና ቅርንጫፍ ያወጣል። ሌላኛው የገመዱ ጫፍ ስላይዱን የጨበጠበት መልሕቅ ነው፤ ከባሕር ባመጣችሁት ስላይድ ላይ እሱን ፈልጉ። ገመዶቹ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ካያችኋቸው ኦክስጅኑ ከየት እንደሚመጣ እየጠቆሟችሁ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። ገመድ ብቻውን ሕይወት አያረጋግጥም፤ ባለቤቱ ሞቶ ወይም ትቶት ሄዶ ገመዱ ይቆያል። በቀለሙ የበራ ሕዋስ ካላያችሁ ቆጠራ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ ሕዋሶቹ በቀላሉ ከገመዱ ይላቀቃሉ፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ባይኖሩም አካባቢውን ፈልጉ። ዝገቱ ከሸፈነባችሁ ጥቂት ኦክሳሊክ አሲድ ዝገቱን ያሟሟል። እሱም መርዛማ ስለሆነ ጓንት አይረሳ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ ወዳለበትም አይጠጋ።

ደረጃ 9፦ ማዛወርና ማጥራት

በየሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንቱ ከቀለበቱ 10 ማይክሮ ሊትር ወደ አዲስ ቱቦ አዛውሩ። ዝገቱ ሲከማች ሕዋሶቹ እዚያው ታስረው ይቀራሉ፤ የድሮውን ቱቦ ለወር አስቀምጦ ከዚያ ለማዛወር መሞከር ብዙ ጊዜ አይሳካም።

የመጀመሪያው ቱቦ መቼም የአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ አይደለም። ለማጥራት 100 ማይክሮ ሊትሩን በ900 የባሕር ውሃ፣ ከዚያም ከዚያው 100ውን በሌላ 900፣ እንዲህ እያላችሁ 8 ጊዜ አቅጥኑ። ከእያንዳንዱ ቱቦ ዝሩ። ቀለበት ያወጣውን የመጨረሻ ቀጭን ውሰዱና ሙሉውን ሥራ ደግማችሁ ሥሩ፣ ቢያንስ ሦስት ዙር። ትዕግስት የሚፈትነው ክፍል ይህ ነው፣ አቋራጭም የለውም።

መጥራቱን ለማየት ከቱቦው ጥቂት በማሪን አጋር (ኦርጋኒክ ምግብ ያለበት የባሕር ባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን) ላይ አሹ። ማሪፕሮፈንደስ እዚያ አያድግም፤ አንድ ነገር ካደገ ሌላ እንግዳ አብሮ አለ። ኦርጋኒክ ምግብ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከአጋሮዙ ጋር ሙጭጭ ካሉባችሁ አጋሮዙን ተዉት። ፔትሪ ሳህን ላይ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ የባሕር ውሃ ከባይካርቦኔቱ ጋር አድርጉ፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ንጹሕ የብረት ዱቄት በትኑበት፣ ካምፒሎባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ ለማሳደግ የሚሸጠውን ኦክስጅን ቀናሽ ከረጢት ጨምራችሁ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ወይም የላብራቶሪ ማሰሮ ውስጥ ዝጉት። ብረቱ ቀስ ብሎ ሲሟሟ እነሱ ይበሉታል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ሁሉም ቱቦ፣ ሌጣውም ጭምር፣ በአንድ ሌሊት ብርቱካናማ ከሆነ፦ ፒኤቹ ከፍ ብሏል፣ ወይም ጥቁሩ በደንብ አልታጠበም፣ ወይም ቱቦው ተናውጧል። በዚሁ ተራ መርምሩ። የሌጣውን ቱቦ የላይኛውን ንብርብር ፒኤች ለኩ፤ 7 አካባቢ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። ትክክል ከሆነ ጥቁሩን እንደገና እጠቡ።

ምንም ዓይነት ዝገት በማንም ቱቦ ከሌለ፦ ጥቁሩ አርጅቷል ወይም ትርፍ ሰልፋይድ አለበት። ክዳኑን ስትከፍቱ የእንቁላል ሽታ ከመጣ ሁለተኛው ነው።

ቀለበቱ ወደ ላይ ወጥቶ ገጹን ከነካ ብረቱ በዝቷል፤ ታችኛውን ንብርብር ቀንሱ። ወርዶ ጥቁሩ ላይ ከተኛ ብረቱ አንሷል ወይም ኦክስጅኑ በዝቷል፤ ላይኛውን ንብርብር ትንሽ አርዝሙት።

ጥቁሩ ተነስቶ ላዩን ካበከለው ላይኛውን በጣም በትኩሱ አፍስሳችኋል። አረፋ ንብርብሮቹን ከለያያቸው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየወጣ ነው፤ በቀጣዩ ከነፋችሁ በኋላ ጥቂት አሳርፉት፣ ቀስ ብላችሁም አፍስሱ። ሁለቱም ቱቦዎች አይታደጉም፣ ጣሏቸው።

ቀለበቱ ያምራል፣ ገመድ ግን የለም? ይህ የግድ ውድቀት አይደለም። ከዚሁ ቤተሰብ ገመድ የማይሠሩ አሉ። ጊዮርሴያ ቢቮራ አንዱ ነው፤ ሃይድሮጅንም ይበላል። ሕዋስ ካለ ናሙናውን ለዲኤንኤ ላኩት። ሕዋስም ከሌለ ወደ ሌጣው ቱቦ ተመለሱና በታማኝነት አወዳድሩ።

በመጀመሪያው ቱቦ ያደገው በሦስተኛው ዝውውር ከጠፋ ብዙ ጊዜ የዘገየ ዝውውር ነው። ቀለበቱ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ገና ቀላ ያለ ስስ እያለ አዛውሩ። ጥቅጥቅ ብሎ ቡናማ እስኪሆን መጠበቅ ጥሩ ምርት ይመስላል፣ ግን አይደለም።

ከባሕር ርቃችሁ ላላችሁ

ኢትዮጵያ ሆናችሁ መሞከር ለምትፈልጉ ይኸው ቱቦ ለጨው አልባ ውሃም ይሠራል። ከምንጭ ወይም ከቦይ ጠርዝ ብርቱካናማ ንፍጥ ካያችሁ ጋሊዮኔላና ሌፕቶትሪክስ የሚባሉት ሊኖሩበት ይችላሉ። የባሕር ውሃውን ቀመር በዚህ ተኩት፦ ለ1 ሊትር አሞኒየም ክሎራይድ 1 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 0.2 ግራም፣ ካልሲየም ክሎራይድ 0.1 ግራም፣ ዳይፖታሲየም ፎስፌት 0.05 ግራም። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ። በውሃው ላይ ዘይት መስሎ የሚያንጸባርቅ ስስ ሽፋን ካለ በእንጨት ንኩት። እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ከተለያየ የብረት ሽፋን ነው፤ ተመልሶ ከገጠመ ነዳጅ ስለሆነ ከዚያ አትቅዱ። ጋሊዮኔላም የተጠማዘዘ ገመድ ስለሚሠራ በማይክሮስኮፕ ሥር ከባሕሩ ማሪፕሮፈንደስ ጋር ይምታታል። ዓይን ብቻውን አይለያቸውም፤ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ዲኤንኤውን አስነብቡ።